የሰቃዩ ተያዥ

ለተከበሩ የማረሚያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ
ካሉበት ከፍታ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የደም ግፊትዎ፣ የወገብዎ ነገር፣ እንቅልፍዎ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ። የሰው ጤና በመሥሪያ ቤትዎ ምን ያህል እንደሚከበር በቅርቡ ስለተረዳሁ ነው። ሞት የተፈረደበት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ባለፈው ወር ሳንባውን ታሞ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አምቡላንስ እያስጮኻችሁ ትልቁ ሆስፒታል እንዳደረሳችሁት፣ ልዩ ሐኪም እንዳቆማችሁለት፣ ጠባቂው ሳይቀር ትራሱን እያቀና ሾርባ በማንኪያ እንዳጎረሰው ሰምተን ልባችን ተነክቷል። በሰፈራችን ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ባለመኪና ጎረቤት ተለምኖላት ነው የምትሄደው። ሐኪሙ «ተርፏል» ብሎ ሲያበስር ከሰዎችዎ አንዱ «ተመስገን፣ ለሐሙሱ ቀጠሮ ደረሰልን» ማለቱንም ሰምቻለሁ። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ይሰቀላልና። ተራ በሽታ በመንግሥት ሥራ ጣልቃ ሊገባ ሲል እንዲህ ፈጥኖ የሚደርስ መሥሪያ ቤት ስላለን ልንኮራ ይገባናል።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የምሠራ ተራ ዜጋ ነኝ። በሙያ የምንራራቅ አይደለንም፤ እርስዎም ያርማሉ፣ እኔም አርማለሁ። ልዩነታችን፣ እኔ የተሳሳተ ፊደል ሳገኝ ፊደሉን አቃናለሁ እንጂ ገጹን እንዳቃጥል አልተፈቀደልኝም። ይህን የምጽፍልዎት ግን ስለ ሙያ ለመጨዋወት አይደለም። በክቡር ፊርማዎ የተላከ መጥሪያ ስለደረሰኝ ነው። መጥሪያው፣ የመንግሥት ሰቃይ ሆኖ የተቀጠረው ሰው ከሥራ ገበታው ስለተሰወረ፣ የእርሱ ተያዥ የሆንኩት እኔ ሐሙስ ጠዋት ተገኝቼ ፀጉር አስተካካዩን በእርሱ ምትክ እንድሰቅል ያዝዛል። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ስለዚህ በሙያዬ በኩል ላማርር አልችልም። በአደባባይ የምጽፈውም፣ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ለሚመለከተው ተመርቷል» እየተባሉ፣ የሚመለከተው ሰው እስከዛሬ ስላልተገኘ ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ያለውን ነገር ቶሎ ያነባል ብለውኛል።

1ኛ. የቅጥሩ ነገር።

የተሰወረው ሰቃይ የእህቴ ልጅ ነው። በብየዳ ሥራ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ሚስቱ ባረገዘች ጊዜ በእናንተ በር ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ አየ። የሞት ቅጣት አስፈጻሚ፣ ብዛት አንድ፣ ጾታ አይለይም፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ ሁለት ተያዥ ማቅረብ የሚችል። ያን ጊዜ በአገሩ ሰው ከተሰቀለ አንድ ትውልድ አልፎ ነበር። ሕጉ በመጽሐፉ ውስጥ ነበረ፤ ገመዱ በሣጥኑ ውስጥ ነበረ፤ በጀቱም በየዓመቱ ሳያዛንፍ ይመጣ ነበር። ያልነበረው የሚሰቀል ሰው ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ የሚያስፈራው ስሙ ነው እንጂ ሥራው እኮ የለም» አለኝ። እናቱም «ልጄ ሰቃይ ነው ስላቸው ጎበዝ ተማሪ የነበረ ይመስላቸዋል» ብላ ራሷን አጽናናች።

ለዓመታት ሥራው የመስቀያ ክፍሉን መጥረግ፣ የሚከፈተውን የወለል ሳንቃ ማጠፊያ በዘይት ማሸት፣ ከየቢሮአችሁ አምጥታችሁ ክፍሉ ውስጥ የከመራችኋቸውን የተሰበሩ ወንበሮች አቧራ ማራገፍ ነበር። ምስጉን ሠራተኛ ብላችሁ ሸልማችሁታል። «አጎቴ፣ ሥራውን ባለመሥራቱ የሚሸለም በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይስቅ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ያለው ሰው የእናንተን ማስታወቂያ አንብቦ መሆን አለበት።

ተያዥ የሆንነው ሁለት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ደግሞ ንግድ ፈቃድ ያለው ጎረቤት ሲፈለግ፣ ከማተሚያ ቤታችን ጎን ሱቅ የነበረው ሰው፣ የእህቴን ልጅ ወንበር ላይ ጣውላ ደርቦ እያስቀመጠ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፀጉሩን የቆረጠለት፣ ዝንብን በፎጣ ከማባረር በቀር ሲመታ ታይቶ የማይታወቀው ሰው፣ ይኸው ዛሬ ሐሙስን የምትጠብቁለት ፀጉር አስተካካይ ፈረመ። ያኔ ገዳይ አልነበረም። ፀጉር አስተካካይ ነበር።

የተያዥነት ቅጹ እንዲህ ይላል፦ «ተቀጣሪው ከሥራ ገበታው ቢለይ ተያዡ በእግሩ ተተክቶ ሥራውን ያከናውናል፤ ወይም የሚያከናውን ሰው ያቀርባል።» ይህ አንቀጽ ከየት እንደመጣ የሰው ኃይል ክፍላችሁን በትሕትና ጠይቄ ነበር። ለሰቃይ የተዘጋጀ ቅጽ ስላልነበረ የዘበኛውን ቅጽ ገልብጠው፣ «ዘበኛ» የሚለውን ብቻ እንደቀየሩት ሳይደብቁ ነገሩኝ። ለዘበኛ ሸጋ አንቀጽ ነው፤ ዘበኛው ቢጠፋ አጎቱ በሩ ላይ ቆሞ ያድራል፣ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

2ኛ. የተከበረው ስብሰባ።

እርስዎ ሕዝቡን ለማወያየት አዳራሽ የጠሩን ዕለት እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ስለ ማይክሮፎኑ ጥራት አመሰግናለሁ። አንዲት መምህርት ተነሥታ «በስህተት ንጹሕ ሰው ቢሰቀልስ?» ብላ ስትጠይቅ «ስህተት እንዳይፈጠር ኮሚቴ ተቋቁሟል» ብለው መለሱላት፤ እሷም ኮሚቴ የሚለውን ቃል ስትሰማ እንደማንኛችንም ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ፣ ቅጣቱ በእርግጥ ወንጀል ይቀንስ እንደሆነ ጠየቁ። «የተሰቀለ ሰው ተመልሶ ሲያጠፋ ታይቶ ያውቃል?» አሉና አዳራሹን አሳቁት። ከጎኔ የነበረው ጎልማሳ «ዕድሜ ልክ ማሰሩስ ምን ጎደለው?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ከፊቱ ያለው ዞሮ «አንተ ትቀልበዋለህ?» አለው። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። በመጨረሻ ቅጣቱ ዳግም ሥራ ላይ እንዲውል የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲሉ፣ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ያ ሁሉ ሰው እጁን እንዳወረደ ወዲያው ኪሱ ከተተው።

ነገር እንዳይምታታ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ፀጉር አስተካካዩ ገድሏል። የሱቁን ሸሪክ፣ አብረው አንድ መስተዋት ፊት የሚሠሩትን ወጣት፣ በጠራራ ፀሐይ በመቀስ ወግቶ ገድሎታል። ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ መንገድ ላይ ሲሮጥ ያየን ሁሉ ለአፍታ ሳቅን፤ ሳቁ ግን ሱቁ በር ድረስ አላደረሰንም። ፍርድ ቤት «ለምን?» ሲለው «መስተዋቱ ውስጥ የሚስቅብኝ መሰለኝ» አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም፤ ያለው አይመስለኝም። ንጹሕ ነው ልልዎት አልመጣሁም። ለንጹሕ ሰው መሟገት ማን ያቅተዋል?

የሰቃዩ ሥራ የእውነት ሊሆን ነው ተብሎ፣ የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ለእህቴ ልጅ የተነገረው ዕለት፣ ከሥራ መልስ ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልጠጣም። «አጎቴ፣ ፈርሞልኛል እኮ» አለ። ቆየት ብሎ ያንኑ ደገመው። በማግስቱ ጠዋት የመስቀያ ክፍሉን ቁልፍ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ለሚስቱ «ሳሙና ልግዛ» ብሎ ወጣ። እስካሁን ሳሙናው አልመጣም።

3ኛ. ምትክ ሰው ስለ መፈለግ።

አንቀጹ «ወይም የሚያከናውን ሰው ያቀርባል» ስለሚል፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ፣ መጥሪያው እንደደረሰኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። በእውነት አይከብድም ብዬ ነበር። እጃቸውን ያወጡት ሰዎች የምትክ ችግር እንዳይኖርብን የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ጡረታ የወጡ ዳኛ ቤት ነው። በጋዜጣ የሚጽፏቸውን መጣጥፎች የማርማቸው እኔ በመሆኔ አቋማቸውን ከነነጠላ ሰረዙ አውቀዋለሁ፤ «ሞት የሌለበት ሕግ ጥርስ የሌለው ውሻ ነው» የሚለው የእርሳቸው ነው። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መለሱ፣ አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የምናገረው በመርህ ደረጃ ነው» አሉኝ። መርህ እጅ እንደሌለው ያን ቀን ተረዳሁ። እስከ በር ሸኝተውኝ «በርታ፤ አንድ ሰው መሥራት ያለበት ሥራ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ከትከሻዬ በላይ የነገረኝ የለም።

ቀጥሎ ሥጋ ቤት ገባሁ። ባለሥጋ ቤቱ በስብሰባው ላይ ሁለት እጁን ያወጣ ሰው ነው። ቢላውን እየሳለ ሰማኝ፤ ስጨርስ መሳሉን አቆመ። «ጋሼ፣ እኔ የማርደው በግ ነው። በግ ሰላም አይለኝም። እሱ እኮ ገና እንደገባሁ ‹እንዴት ነህ ጌታው፣ ልጆች ደህና?› ነው የሚለኝ። ምን ልበለው? ደህና ናቸው ልበለው?» አለኝና ላልጠራው ሰው «አቤት» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

የታክሲ ሹፌሩ ሐሙስ ቀድሞ የተያዘ ጉዞ አለው። ቅዳሜ ቢሆን እሺ እንደሚለኝ ነገረኝ። እሺ፣ ኃላፊውን ለምኜ ቅዳሜ ላስደርገው ስለው፣ ቅዳሜም እንዳለው ትዝ አለው። የማተሚያ ቤታችን ማሽን ሠራተኛ ደግሞ ነገሩን በቴክኒክ ሊፈታው ሞከረ፤ ብዙ ቁልፎች ይኑሩ፣ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ይጫኑ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሠራ ማንም አይወቅ አለ። «ታዲያ አንዱን አንተ ትጫናለህ?» ስለው «እኔ ሐሳቡን ነው ያዋጣሁት» አለኝ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። የሟቹ ወጣት እናት የምትኖረው ከእኔ ቤት ትይዩ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ እንላታለን። ወሬው እኔ ሳልነግራት ደርሷት ኖሮ፣ ቧንቧው ጋ ባልዲዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። «ይሙት» አለችኝ፤ ሰላምታም አላስቀደመችም። «ከማንም አልደበቅሁም፣ ይሙት። ልጄን አፈር አልብሶ እሱ ሾርባ ይጠጣል? ለሱማ ሞት ያንሰዋል። ግን አንተ አትሁን።» ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «በነጋታው እዚሁ ውኃ ስንቀዳ እጅህን ላየው ነዋ!» አለች። ባልዲዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር፤ አላየችውም። «እኔ እኮ መንግሥት ይገድልልኛል ብዬ ነው። መንግሥት ማለት አንተ ነህ እንዴ?»

ክቡር ሆይ፤ እኔ አራሚ ነኝ። ይህ ጥያቄ የቀረበው ለእርስዎ ስለሆነ፣ ጊዜ ሲኖርዎት ብቅ ብለው ቢመልሱላት፣ ግቢያችን ሰፊ ነው፣ መኪናዎም ይገባል።

4ኛ. ከመጥሪያው ጋር በተያያዘው መመሪያ ላይ፣ ጠቆር ያለ ልብስ እንድለብስ፣ ቀለበት እንዳላደርግ፣ ቁርስም ከአፈጻጸሙ በኋላ እንደሚቀርብልኝ ተገልጿል። ከአፈጻጸሙ በኋላ ቁርስ የሚበላ ሰው ካላችሁ፣ ስብሰባ መጠራት የነበረበት ስለ እርሱ ነበር።

5ኛ. ስለ ሁለተኛው ተያዥ።

ምትክ እንዳላገኘሁና እኔም እጄ እንደማይታዘዝልኝ ለማሳወቅ ወደ ሰው ኃይል ክፍላችሁ ሄድኩ። ያገኘሁት ወጣት ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚቀመጥበት ወንበር አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል፤ የሰው ነገር ያሳዝነዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ እምቢ ካሉ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሁለተኛው ተያዥ ይጠራል» አለኝ። ሁለተኛው ተያዥ ማን እንደሆነ፣ የሚሰቀለውም ማን እንደሆነ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። ማኅደሩን አወጣ፤ በጣቱ ተከትሎ አነበበ። የሚደነግጥ መስሎኝ ስጠብቅ ፊቱ በራ። «እንዲያውም አድራሻው እዚሁ ግቢ ነው!» አለ። «መጥሪያ ለማድረስ መኪና አንጠይቅም።»

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቅጥሩን ያጸደቀው ፊርማ የእርስዎ ስለሆነ፣ ሁለታችንም ተያዦች ያልቻልን እንደሆነ ግዴታው ወደ አጽዳቂው ይሻገር እንደሆነ ጠይቄው ነበር። ከልቡ አዘነልኝ። «ጋሼ፣ ግዴታ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይተላለፍም» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ የሕግ መጻሕፍት አርሜያለሁ፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ያሳጠረልኝ ግን ይህ ልጅ ነው። ዕድገት ይገባዋል።

መጥሪያው በዚያው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ደረሰ። እሑድ ልጠይቀው ሄድኩ። ከሽቦው ወዲያ ሲመጣ ልብሱ ከእርሱ ቀድሞ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ በሽታው እንደዚያ አክስቶታል፤ ሆኖም መልኩ እየተመለሰ ነው፣ ሾርባችሁ ሠርቷል። «ፈረምኩላቸው» አለኝ። ምን ነካህ፣ ምን ላይ ነው የፈረምከው ስለው፣ «አንተን ከሚያጉላሉህ ብዬ ነዋ። ራሴው እጨርሰዋለሁ። ደግሞስ በዚህ አገር አንገት እንደኔ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ሳቀ። ጠባቂውም አብሮ ሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁ ይሉኝታ ያዘውና ወሬ ቀየረ፤ የእህቴ ልጅ ደህና እንደሆነ፣ ፀጉሩን አሁን ማን እንደሚቆርጥለት ጠየቀኝ። «ማጅራቱ ላይ አዙሪት አለው፤ የማያውቅ ሰው ያበላሸዋል» አለ። ሊወስዱት ሲሉ ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከ። ያ እጅ ነው ልጁን ከፍ አድርጎ ጣውላው ላይ ያስቀመጠው፤ ያ እጅ ነው መቀሱን የሰነዘረው፤ አንድ እጅ ነው። እንደ ሕፃን ዝቅ ባለ ድምፅ «ያን ሰዓት ፀሐይ ወጥታ ትሆናለች እንዴ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። መመሪያችሁ ላይ ስለ ቁርስ እንጂ ስለ ፀሐይ የተጻፈ ነገር የለም።

የሕግ ክፍላችሁ የእርሱን ፊርማ ተቀብሎ፣ ሰው በራሱ ላይ ቢፈጽመውም ራስን ማጥፋት ሳይሆን «ግዴታን መወጣት» እንደሚባል አስተያየት እየጻፈ መሆኑን ሰማሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሟች ራሱን ሰቅሎ፣ ራሱ ወርዶ፣ ለቀብሩም ራሱ ቢሄድ ደግሞ ሥራው እንዴት ይቀላጠፍ ነበር።

ክቡር ሆይ፤

ይህን ሁሉ ካወጣሁና ካወረድኩ በኋላ ውሳኔዬን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። ጥሪዎን ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ተያዥ እያለ ሁለተኛው እንደማይጠራ ሠራተኛዎ አረጋግጦልኛልና፣ የፀጉር አስተካካዩ ፊርማ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ አይውልም።

ሐሙስ ጠዋት እገኛለሁ። ልብሴ ጠቆር ያለ ይሆናል፤ ቀለበት ድሮም የለኝም። ሥራውንም ከእህቴ ልጅ እንደተረከብኩት፣ እናንተም እንደሸለማችሁት አድርጌ እሠራዋለሁ። ክፍሉን እጠርጋለሁ። ማጠፊያውን በዘይት አሻለሁ። ወንበሮቹ ካሉ አቧራቸውን አራግፋለሁ። ከዚያ የሳንቃውን መክፈቻ እጀታ ያዝ ባሉኝ ቦታ ቆሜ ትእዛዝዎን አዳምጣለሁ። ቢደግሙልኝም አዳምጣለሁ። ከማዳመጥ በቀር ግን ከእኔ የሚጠብቁት ነገር እንዳይኖር አስቀድሜ መንገሬ፣ በከንቱ እንዳይደክሙ ከማሰብ ነው። ትእዛዝ ያልፈጸመ ሠራተኛ የሚታሰርበትን አንቀጽ አውቀዋለሁ፤ የታተመው በእኛ ማተሚያ ቤት ነው፣ ያረምኩትም እኔ ነኝ። እንዲያ አጥርቼ ባላርመው ኖሮ ዛሬ ሁለት ትርጉም ይወጣለት ነበር። ብርድ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ።

እኔን አስራችሁ ሌላ ሰው እጀታው ጋ ልታቆሙ እንደምትችሉ አልዘነጋሁም። አገሩ ሰፊ ነው፤ ችግረኛውም ብዙ ነው፤ ሚስቱ ያረገዘች ብየዳ ሠራተኛም አይጠፋም። ያን ሰው ባገኛችሁት ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከሥራው በኋላ፣ ከቁርሱም በፊት፣ ወደ ግቢያችን አምጥታችሁ ለእትዬ አሳዩልን። «መንግሥት ማለት ይኸውልሽ» በሏት። እሷም እጁን ትየው።

እስከዚያው ላደረጋችሁልን ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰው ሳይታሰርም ሐሙስን መፍራት እንደሚችል ስላስተማራችሁን፣ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ አጎትን ከእህት ልጅ፣ ሟችን ከራሱ ጋር በአንድ ቅጽ ስላስተሳሰራችሁልን፣ በተለይም እርስዎ፣ ይህን ያህል ሰው ሲጠራ አንድም ቀን ራስዎን ሳይጠሩ ስላሳዩን ትዕግሥት፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዎ ይርዘም፤ የሚጠሯቸውን ሰዎች ሁሉ ስም ለማስታወስ የሚበቃዎትን ያህል ይርዘም።

ከወደቀ አክብሮት ጋር፣
ትእዛዝዎን ቆሞ የሚሰማ፣
የጠፋው ሰቃይ አጎትና የመጀመሪያ ተያዥ

ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦

የሰው ኃይል ክፍላችሁ፣ ምትክ ሠራተኛም ቢሆን የራሱን ተያዥ ሳያቀርብ ቁልፍ እንደማይረከብ አስታወቀኝ። ያንኑ ቅጽ፣ ከነአንቀጹ፣ ይዤ ዞርኩ። ዳኛው ቤት የሉም ተባልኩ፤ ጫማቸው በሩ ላይ ነበር። ሥጋ ቤቱ ገና በጠራራው ተዘግቷል። ባዶ እጄን ወደ ግቢ ስገባ እትዬ ቅጹን ከእጄ ወሰደች። የራሷ ቤት ስላላት ተያዥ መሆን ትችላለች። እኔ እምቢ ባልኩ ጊዜ በእግሬ ተተክታ የምትጠራው እሷ መሆኗን፣ አንቀጹን ጮክ ብዬ እያነበብኩ አስረዳኋት። «ሰምቻለሁ፤ ብዕር አምጣ» አለች። ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስልኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «እኔ የተጠራሁ እንደሆን፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ብቻዬን ይተዉኛል?»

ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኋትም፤ ድፍረት አጣሁ። ፊርማዋን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ኃላፊው እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይጠይቋት።